«መቼ ነው የተጠመቃችሁት?» እና ሌሎች ኬረላ ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንትም ተደገመ። ኮቺ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነን። አባታቸውን ለልብ ሕክምና ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች መሀል ቆሜ አስተረጉማለሁ። ነርሷ አንገት ላይ ትንሽ የወርቅ መስቀል አለ። ትልቁ ልጅ አየውና ፊቱ በራ። «ክርስቲያን ናት? እስቲ ጠይቃት፣ መቼ ነው የተጠመቁት? እንግሊዞች ናቸው አይደል ያመጡላቸው?» አለኝ።

አልጠየቅኳትም። «አገርሽ የት ነው ይልሻል» ብዬ ቀየርኩት። አስተርጓሚ መዋሸት እንደሌለበት አውቃለሁ። ግን መርፌ የያዘ ሰው ማስቀየምም ጥሩ አይደለም።

ተማሪ ሆኜ ኮታያም ወደምትባለው ከተማ የመጣሁት የዛሬ 11 ዓመት ነው። ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። አሁን ለአዲስ ተማሪዎች ቤት ፈላጊ፣ ለታካሚዎች አስተርጓሚ፣ አልፎ አልፎም ገላጋይ ነኝ። ሽምግልናው የሚበዛብኝ የአገሩን ሰዎች ማንነት ሳናውቅ እንደሚያውቅ ሰው ስለምንናገር ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለማታውቁት፣ ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በባሕርና በተራራ መሀል የተዘረጋች ቀጭን ግዛት ናት። ትራቫንኮርና ኮቺን ይባሉ የነበሩት የድሮ መንግሥታት ከማላባር ጋር ተቀላቅለው በ1956 ተመሠረተች። ቋንቋዋ ማላያላም ነው፣ ሰዎቿ ማላያሊ ይባላሉ። በ2011 ቆጠራ ሕዝቧ 33.4 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ውስጥ ሂንዱው ወደ 55 በመቶ፣ ሙስሊሙ ወደ 27፣ ክርስቲያኑ ወደ 18 በመቶ ነው።

ህንድና ሂንዱን ማምታታት

ይሄ የራሳችን ቋንቋ ወጥመድ ነው። ህንድ አገር ነው፣ ሂንዱ ሃይማኖት ነው። በአማርኛ ስናወራ ግን ሁለቱ ይጣበቁብናል።

አባቴ ሃይስኩል ፊዚክስ ያስተማሩትን ህንዳዊ ዛሬም ያነሳል። «ጎበዝ ሰው ነበሩ፣ ምን ያደርጋል ጣዖት አምላኪ ሆኑ እንጂ» ይል ነበር። አንድ ቀን ስማቸውን ጠየቅኩት። «ሚስተር ማታይ» አለኝ። ማታይ ማለት ማቴዎስ ነው! በንጉሡ ዘመንም ከዚያ በኋላም ወደ እኛ ከመጡት የህንድ አስተማሪዎች ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ከነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች። አባቴ ዕድሜ ልኩን ያዘነላቸው ሰውዬ ምናልባት ከእሱ በላይ ጾመኛ ነበሩ።

በሂንዲ ማናገር

ከህንድ ፊልም የለቀማችኋቸውን ሁለት ሦስት ቃላት እዚያው ተዉአቸው። ማላያላም ከታሚል ጋር የሚዘመድ፣ የራሱ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። ከሂንዲ ይልቅ እንግሊዝኛ ያዋጣል። ደግሞም ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዝላችሁ ሰው «እሺ» እያለ ነው። «እምቢ አለ» ብለን የወጣንበትን የኪራይ ቤት ቁጥር እኔ ነኝ የማውቀው።

«እንግሊዝ ነው ያጠመቃችሁ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

አንድ ፈረንጅ መጥቶ «ክርስትናን ያመጡላችሁ ጣሊያኖች ናቸው?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? አውቃለሁ ምን እንደምትሉት። ከፍሬምናጦስ ጀምራችሁ፣ በኢዛና አድርጋችሁ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ትሰብኩታላችሁ። ታዲያ ያንኑ ጥያቄ ተሸክመን ኬረላ ድረስ የምንመጣው ምን ነክቶን ነው?

ደግሞ እኮ የማናውቀው ነገር አይደለም። ፍልሰታን የጾመ ሁሉ፣ ቶማስ ከህንደኬ በደመና ተጭኖ ሲመጣ እመቤታችንን እንዳገኛትና ሰበኗን እንደተቀበለ ከልጅነቱ ሰምቷል። ህንደኬ የት ይመስላችኋል? የኬረላ ክርስቲያኖች ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ኮዱንጋሉር አካባቢ ከመርከብ ወርዶ አባቶቻችንን አጠመቀ ይላሉ። ትውፊት ነው፣ እንደኛው ትውፊት። ትውፊት አልቀበልም የሚል ካለ ደግሞ ሰነድ አለ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ በማላባር ዳርቻ ክርስቲያኖች እንዳሉ መዝግቧል። ይሄው ኮስማስ አዱሊስ መጥቶ የድንጋይ ጽሑፋችንን የገለበጠው ሰው ነው። በ849 ደግሞ ኮላም ላይ ለነበረች ቤተ ክርስቲያን መሬትና መብት በመዳብ ሰሌዳ ተጽፎ ተሰጥቷል። ሰሌዳዎቹ ዛሬም አሉ። ቫስኮ ዳ ጋማ ህንድ የደረሰው በ1498 ነው። እንግሊዝማ ከዚያም በኋላ ነው የመጣው።

ፖርቱጋሎች ሲደርሱ በሱርስት፣ በጥንቱ የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ፣ የሚቀድስ ሕዝብ አገኙ። አልወደዱለትም። በ1599 ኡዳያምፔሩር ላይ ጉባኤ ጠርተው መጻሕፍቱን ኑፋቄ ብለው ለእሳት ዳረጉ፣ ሥርዓቱን ወደ ሮም ጠመዘዙ። ሕዝቡ 50 ዓመት ያህል ቻለው። በጃንዋሪ 1653 ማታንቼሪ ላይ ተሰበሰበና ከእንግዲህ ለኢየሱሳውያን (ለጄስዊት ካህናቱ) አንገዛም ብሎ ማለ። መስቀሉን ለመንካት ሰው ስለበዛ ገመድ አሰሩበት፣ ገመዱን እየያዙ ማሉ። ከጉተታው ብዛት መስቀሉ ዘመመ ይባላል። ስሙም «የዘመመው መስቀል መሐላ» ሆኖ ቀረ።

ይሄን ታሪክ የሆነ ቦታ ሰምታችሁታል አይደል? ሱስንዮስ፣ አልፎንሶ ሜንዴዝ፣ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ»። ያ 1632 ነው። በሁለቱ መሀል 21 ዓመት ብቻ ነው ያለው። ሜንዴዝ ከእኛ ሲባረር የሄደውም ወደ ጎዋ ነው። የኬረላን ክርስቲያኖች ያስጨንቅ የነበረው የፖርቱጋል ማዕከል ማለት ነው። በአንድ ዱላ የተመታን ሰዎች ነን፣ እንዴት ነው የማንተዋወቀው?

አሁን ኑዛዜ። ይህን ስህተት ከማንም በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮታያም የተከራየሁባቸው አሮጊት ነበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አማቺ» ይላቸዋል፣ እኛ «እማማ» እንደምንለው። በመጣሁ በሳምንቴ ሻይ ጋበዙኝና «ሚሲዮኖች መጥተው ሲያጠምቋችሁ...» ብዬ ጀመርኩ። ዝም አሉ። ብስኩቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

እሑድ በጠዋት በሬን አንኳኩ። ይዘውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጫማ ውጪ ይወልቃል። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ይቆማል። ዕጣኑ ይሸታል። ሕዝቡ «ቃዲሻት አሎሆ» ሲል ቋንቋውን ባላውቀውም ቦታውን አወቅኩት። «ቅዱስ እግዚአብሔር» እያሉ ነው። ቅዳሴውን ራሱን የሚጠሩት «ቁርባና» ብለው ነው። በነሐሴ መባቻ እነሱም ለእመቤታችን 15 ቀን ይጾማሉ። ስንመለስ አማቺ በር ላይ ቆም ብለው «እና መቼ የተጠመቅን ይመስልሃል?» አሉኝ።

የበለጠ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አባቶችን አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የኬረላው ካቶሊኮስም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናቸው አባት፣ ተቀምጠው ነበር። ኋላ ጳጳስ የሆኑት ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ በወጣትነታቸው፣ ከ1947 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ አስተምረዋል። አማርኛም ለምደው ነበር። አማቺ ይሄን ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት አላውቅም።

«ኦርቶዶክስ ነሽ ካቶሊክ?»

መልሱ ሁለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሮም ጋር ሆና በምሥራቅ ሱርስት ሥርዓት የምትቀድሰው ሲሮ ማላባር አለች፣ ትልቋ እሷ ናት። በ1930 ከሮም ጋር የተዋሐደችው ሲሮ ማላንካራ አለች። መንበሯ ኮታያም የሆነው ማላንካራ ኦርቶዶክስ አለች። ለአንጾኪያ ፓትርያርክ የሚታዘዙት ያዕቆባውያን አሉ። ተሐድሶ ያደረገችው ማር ቶማ አለች። በባሕሩ ዳር ዳር ደግሞ ላቲን ካቶሊኮች አሉ፣ ብዙዎቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጴንጤውን ገና አልቆጠርኩም።

በኦርቶዶክሶቹና በያዕቆባውያኑ መሀል ያለው የአብያተ ክርስቲያናት ይገባኛል ክርክር የረጅም ዘመን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 ፈርዷል፣ ንዴቱ ግን ከፍርዱ ጋር አልቆመም። «ያው አንድ አይደላችሁ?» ብላችሁ መሀል አትግቡ። አንድ ሰርግ ላይ ይቺን ብዬ፣ ዓሣው እስኪመጣ ድረስ ከጠረጴዛው ማንም አላናገረኝም።

ዓሣ አጥማጆቹን ንቆ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ የ2018ቱን ጎርፍ አንሱለት። ጀልባቸውን በሎሪ ጭነው መጥተው ከጣሪያ ላይ ሰው ያወረዱት እነሱ ናቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም።

ስም

በዚህ እንኳ እኛ ልንሳሳት አይገባም ነበር። ብዙ ማላያሊ እንደኛው የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱ ስም አለው፣ የአባቱን ወይም የቤቱን ስም ደግሞ በአንድ ፊደል አሳጥሮ ይጨምርበታል። የመጨረሻውን ስም ይዛችሁ «ሚስተር» ካላችሁ አባቱን ልትጠሩ ትችላላችሁ። ኤምባሲ ቅጽ ላይ ስንት ጊዜ በዚህ ተበሳጭተናል!

ክርስቲያኖቹ ስማቸውን ሲነግሯችሁ ጆሯችሁን አቅኑ። ጊቫርጊስ ጊዮርጊስ ነው። ዮሐናን ዮሐንስ፣ ፓትሮስ ጴጥሮስ፣ ኦሴፍ ዮሴፍ ነው። ቻኮ ያዕቆብ መሆኑን ለማመን እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ድፍረት ነው። ወንዱ «ቼታ»፣ ሴቷ «ቼቺ»፣ ልክ እንደ ጋሼና እትዬ። ሙስሊም ሰፈር ከሆናችሁ «ኢካ» እና «ኢታ» ይባላል።

ማፒላዎችን በኡርዱ ሰላም ማለት

ማፒላዎች የማላባር ሙስሊሞች ናቸው። አንድ የደሴ ልጅ ማላፑራም ከተማ ምግብ ቤት ገባ። ሰላምታው ደህና ሄደ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» የትም ያስኬዳል። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደ ኡርዱ ያስተረጎመውን ጽሑፍ አሳያቸው። ባለቤቱ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ መለሱለት። «ይሄን የሚያነብ ከፈለግህ ባቡር ይዘህ ወደ ሰሜን ሂድ» አሉት። ሩዙን ግን ጨምረው ነው የሰጡት።

ማላባር ላይ እስልምና የመጣው ከሰሜን በጦር አይደለም። በሞንሱን ነፋስ፣ በርበሬ ሊጭኑ ከመጡ የዓረብ ነጋዴዎች ጋር ነው (ቁንዶ በርበሬውን ማለቴ ነው)። ስለዚህ የማፒላዎች ቋንቋ ማላያላም ነው። መዝሀባቸውም (የሚከተሉት የሸሪዓ መንገድ) እንደ ሰሜን ህንድ ሐነፊ ሳይሆን በአብዛኛው ሻፊዒ ነው። ከሐረር የመጣ ሰው ሶላት ላይ እንግድነት አይሰማውም።

እኔን የሚገርመኝ ጽሕፈታቸው ነው። ማፒላዎች ማላያላምን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፣ ግጥሙንም፣ የሃይማኖቱንም። የወሎ ሼሆች አማርኛውን በዐጀሚ ጽፈው መንዙማ እንዳቆዩልን ማለት ነው። ለደሴው ልጅ ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «አያቴ ቤት እንደዚያ ያለ ደብተር አለ፣ ቁርአን ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

ኮዢኮድ ከሄዳችሁ ሚሽካል መስጊድን ስትፈልጉ ሚናራ እያያችሁ አትዙሩ። ጣሪያው እርከን በእርከን የተደራረበ የእንጨት ቤት ነው፣ በአገሬው አሠራር። በ1510 ፖርቱጋሎች አቃጥለውት እንደገና የተነሳ ነው። እንደምታዩት ፖርቱጋሎች ማንንም አላስቀሩም።

«ፓሊ» የሚለው ቃል ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ማለት ነው። ባለታክሲውን «ፓሊ» ብለው መስጊድ በር ላይ ነጠላ ለብሰው የወረዱ እናት አሉ። የሰፈሩ ሰዎች ወንበር አውጥተው ውኃ ሰጥተው ነው የሸኟቸው።

«ካስትህ ምንድን ነው?»

ካስት ከልደት የሚወረስ የሰው ደረጃ ነው። አትጠይቁ። በቃ።

ይሄን ብዬ ማለፍ እፈልግ ነበር፣ ግን የሚጠይቀው ሰው አላልቅ አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ተማሪ ዶርም ውስጥ፣ እራት ላይ፣ በሙሉ ድምፁ ጠየቀ። ለማወቅ ጓጉቶ እንጂ ክፋት የለውም። ከስድስቱ ልጆች አንዱ ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ምን አጠፋሁ ብሎ እኔ ጋ መጣ።

እዚህ አገር የዛሬ መቶ ዓመት ሰው ከሰው ስንት እርምጃ ርቆ ማለፍ እንዳለበት ይለካ ነበር። ከላይ ናምቡዲሪ የሚባሉት ብራህሚኖች አሉ። ቀጥሎ ናያሮች። ከነሱ በታች የኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥተው ቶዲ የሚባለውን መጠጥ በመቅዳት የሚታወቁት ኢዣቫዎች። ከሁሉ በታች በሩዝ እርሻ ባሪያ ሆነው የኖሩት ፑላያዎችና ሌሎች። የበታቹ መንካቱ ቀርቶ መቅረቡ ያረክሳል ይባል ነበር። መንገድ ራሱ የተከለከለ ነገር ነበር። በ1893 አያንካሊ የሚባል የፑላያ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ጥምጥሙን አስሮ፣ በሬ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ወጥቶ ለወገኖቹ በተከለከለው መንገድ ነዳ። ጋሪ ነው የነዳው፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ዛሬ ሐውልቱ ትሪቫንድረም ላይ ቆሟል።

ከእሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1888፣ ናራያና ጉሩ ከወንዝ ድንጋይ አውጥቶ አሩቪፑራም ላይ መቅደስ አቆመ። እሱ ኢዣቫ ነው፣ ሥራው ደግሞ የብራህሚን ብቻ ነበር። በ1924 ከኮታያም ብዙም በማትርቀው ቫይኮም፣ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ያለው መንገድ ለሁሉም እንዲከፈት ትልቅ ትግል ተደረገ። የትራቫንኮር ንጉሥ ቤተ መቅደሶቹን ለሁሉም ሂንዱ የከፈተው በኖቬምበር 1936 ነው። ከኮታያም ገጠር፣ ከዳሊት (ከካስቱ ሁሉ በታች ከተደረጉት ወገኖች) ቤተሰብ የተወለደው ኬ. አር. ናራያናን በ1997 የህንድ ፕሬዚዳንት ሆነ። እና እናንተ ይሄን ሁሉ በአንድ የእራት ጥያቄ ልታወጡት ነው?

ተቃራኒውን የሚሳሳቱም አሉ። «ኬረላ ኮሙኒስት ስለሆነች ካስት የለም» ይላሉ። በ1957 ተመርጦ ግዛቷን የመራው የመጀመሪያው ኮሙኒስት ዋና ሚኒስትር ራሱ ናምቡዲሪ ነበር፣ የራሱን ወገን ልማድ የተዋጋ ሰው። ቢሆንም የእሑድ ጋዜጣ ገዝታችሁ የትዳር ማስታወቂያውን አንብቡ፣ ካስቱ በየመስመሩ አለ። በክርስቲያኑም ዘንድ ከዳሊት ወገን የተጠመቀውን ለይቶ የማየት ነገር አልጠፋም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ምን ስም ስናወጣላቸው እንደኖርን አስታውሱ። ልጁም የገባው ይሄን ስለው ነው።

ከጠየቃችሁ እነሱ የሚጠያየቁትን ጠይቁ፣ «ናዱ ኤቪዴያ?» «አገርህ የት ነው?» ማለት ነው። የወንዙን ስም፣ የእናቱን ቤት፣ የዓሣውን ዓይነት ይነግራችኋል። ሌላውን መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል። (እኛ ዘንድ ይሄው ጥያቄ ዛሬ ዛሬ እንዴት እንደከበደ ላስታውሳችሁ አልፈልግም።)

«ሴቶች የሚገዙበት አገር»

ይሄንን ከአስጎብኚ ሰምተው የሚመጡ አሉ። እውነቱ፣ ናያሮችና አንዳንድ ሌሎች ወገኖች የዘር ሐረግና ንብረት በእናት በኩል ያስተላልፉ ነበር። የካኑር አካባቢ ማፒላዎችም ጭምር። ግን ታራዋድ የሚባለውን ትልቁን ቤት የሚያስተዳድረው የእናት ወንድም ነው፣ አጎት! የጋራ ቤተሰብ ሥርዓቱ በ1975 በወጣ ሕግ አክትሟል። ጥሎሽ ደግሞ (እዚህ የሚሰጠው የሙሽራዋ ቤተሰብ ነው) በሕግ ቢከለከልም ዛሬም ቤተሰብ ያፈርሳል። 

ኦናምን «የሂንዱ በዓል» ብሎ መቅረት

ተጠርታችሁ ከቀራችሁ ቂሎች ናችሁ። የመከር በዓል ነው፣ ሁሉም ያከብረዋል። የሚውለው ብዙ ጊዜ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ ደጁ ሁሉ በቢጫ አበባ ይነጠፋል። እኔ በየዓመቱ ሆዴ ይባባል። የሚበላው በሙዝ ቅጠል ላይ፣ በቀኝ እጅ ነው። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት። ወደ ውጪ የሚታጠፈው ለቅሶ ቤት ነው።

«ነጭ አይሁድ፣ ጥቁር አይሁድ»

ከእስራኤል ሊጎበኙ የሚመጡ የእኛ ልጆች አሉ። ማታንቼሪ ላይ በ1568 የተሠራውን ምኩራብ ያያሉ። አስጎብኚው ይሄን አከፋፈል ሲነግራቸው እንዳለ ይዘውት ይወጣሉ። አትያዙት። የማላባር አይሁዶች እዚያ ዳርቻ የኖሩት ከአውሮፓ ተሰደው ከመጡት ከ«ፓራዴሲዎቹ» እጅግ ቀድመው ነው። በ1000 አካባቢ ለዮሴፍ ራባን የተሰጠው የመዳብ ሰሌዳ አለ። «ነጭ» የተባሉት ኋላ የመጡት ናቸው። ነጻ የወጡ ባሪያዎች ዘር ናችሁ የተባሉት ደግሞ በፓራዴሲው ምኩራብ እኩል መቀመጥ እንኳ ተከልክለው ነበር። ከነሱ ወገን የሆነው ጠበቃው ኤ. ቢ. ሳሌም በሰላማዊ ተቃውሞ ታግሎ ነው የቀየረው። ከቤርሼባ የመጣች አንዲት ልጅ ይሄን ስነግራት ሳቀች፣ የምሬት ሳቅ። «እኔ ይሄን ታሪክ ቤቴ ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

አብዛኞቹ የኮቺን አይሁዶች በ1950ዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ኔቫቲም የሚባለው የነሱ ሞሻቭ (የገበሬዎች መንደር) ከቤርሼባ ብዙ አይርቅም። ሰዎቹን ማግኘት የፈለገ ኬረላ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም።

«የጫካ ሰዎች ጋ ውሰደን»

ዋያናድ ወደሚባለው ተራራማ አውራጃ ለሽርሽር የሚሄዱ ሁሉ ይሄን ይሉኛል። አልወስድም። ኦሞ ድረስ ሄዶ ካሜራ ሰው ፊት የሚደቅን ቱሪስት ሲያናድደን ኖሮ እኛ እዚህ መጥተን ያንኑ?

ከግዛቷ ሕዝብ 1.5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። አንድ ሕዝብም አይደሉም። ከብዛታቸው አንደኛ የሆኑት ፓኒያዎች ለትውልዶች በዕዳ ተይዘው የባለመሬት አገልጋይ ሆነው ኖረዋል። በቫሊዩርካቩ ዓመታዊ ክብረ በዓል ላይ ለዓመት ይዋዋሏቸው ነበር። በሕግ የቀረው በ1976 ነው። ኩሪቺያዎች ደግሞ ቀስተኞች ናቸው፣ ከማላባሩ መስፍን ከፓዣሲ ራጃ ጋር ሆነው እንግሊዝን ተዋግተዋል። ካቱናይካ፣ ሙቱቫን፣ ኢሩላ፣ ካዳር እያለ ይቀጥላል፣ ብዙዎቹም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ አውቶቡስ የምትጠብቀው ልጅ ፓኒያ ልትሆን ትችላለች። ላባ አትፈልጉባት።

«ማልባሪ»

ዱባይና ሪያድ የኖራችሁ ይሄን ቃል ለምዳችሁት ትመጣላችሁ። እዚያ በምን ዓይነት አፍ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ማላያሊ በሉ።

ሁሉንም ማላያሊ ማድረግ

የመጨረሻው የራሴ ነው። ሁለት ዓመት ማላያላም ተማርኩና አፌ ተፈታ መሰለኝ። ከአገር ቤት የመጡ እንግዶች ይዤ ኮቺ ምግብ ቤት ገባሁ። ኮራ ብዬ፣ «ቼታ» ብዬ ጀምሬ፣ ከዓሣው እስከ ካሳቫው በማላያላም አዘዝኩ። አስተናጋጁ እያየኝ ዝም አለ። ደገምኩለት። እንግዶቼ ያዩኛል። በመጨረሻ በሂንዲ «ወንድም፣ ከአሳም ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው» አለኝ።

ማላያሊው ባሕረ ሰላጤ ሲሄድ የኬረላን ግንባታ፣ ወጥ ቤትና የጣውላ ፋብሪካ የያዙት ከአሳም፣ ከቤንጋል፣ ከቢሃርና ከኦዲሻ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። አገሬው ሁሉንም «ቤንጋሊ» ይላቸዋል፣ እነሱም ይናደዳሉ። የኮቺ ነባሮችም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማታንቼሪ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ከጎዋ የሸሹ ኮንካኒዎች፣ ጉጃራቶች፣ ጄይኖች፣ ታሚሎች ለዘመናት አብረው ይኖራሉ።

አስተናጋጁ ምግቡን በእንግሊዝኛ ጠይቆኝ አመጣ። ሂሳብ ስከፍል እሱም በተራው ሊጫወተኝ ፈለገ።

«ከናይጄሪያ ነህ?» አለኝ።